በታነር ሮው 9 ቁጥር ስለተወተፈው የወጥ ቤት ፍሳሽ ቧንቧ

የምስክር ስም፦ ሚስ ሞውድ ብራምሊ
ዕድሜ፦ 83
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የትምህርት ቤት ጸሐፊ
አድራሻ፦ እንግሊዝ፣ ዮርክሸር፣ ኪዝሊ ከተማ፣ ታነር ሮው 11 ቁጥር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማርች 18 ቀን 2019፣ በምስክሯ መኖሪያ ቤት
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ጃርቪስ ሞስ

የምናገረው በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ከሌላ ሰው የሰማሁት ካለ ከማን እንደሰማሁት አብሬ እናገራለሁ።

ተጠርጣሪው ሚስተር ዊልፍ ግሪንዉድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን በ7 ቁጥር ይኖራል። የረጅም ዘመን ጎረቤቴ ነው። የግል ተበዳዮቹ ቶቢ ፌራርና ባለቤቱ ኢሞጀን ባለፈው መኸር 9 ቁጥርን ገዝተው በሁለታችን መካከል ገቡ።

ባልና ሚስቱ ወጥ ቤታቸውን ለማደስ ሲያቅዱ ጎረቤቶቹን ለሻይ ጠርተው ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልን። ሚስስ ፌራር ዕቃ ስታጥብ ኮረብታውን እንድታይ፣ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ከጓሮው ግድግዳ ተነሥቶ በፊት ለፊቱ መስኮት ሥር እንዲሆን ተሥሏል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ከጎኑ ነው፤ የሁለቱም ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ ይወጣል። በእኛ የቤቶች ረድፍ የቆሻሻ ፍሳሽ መስመር ያለው በጓሮ ነው። በፊት በኩል ያለው የጣሪያ ዝናብ የሚወርድበት ብቻ ሲሆን በቀጥታ ከቤቶቹ በታች ወዳለው ጅረት ይገባል። ቧንቧው እስከ ጓሮ እንዲሄድ ተዳፋት ያስፈልገው ነበር፤ ወለሉ ደግሞ ድንጋይ ነው። ስለዚህ በቅርብ ወዳገኙት፣ ወደ ዝናቡ መውረጃ አስገቡት። ፕላኑን ያየን ሁሉ «በጣም ያምራል» አልን። ሚስተር ግሪንዉድ ብቻ «እንግዲህ እንዴት እንደሚሆን እናያለን» አለ። እኛ ዘንድ ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው። ባልና ሚስቱ ግን አመሰገኑት።

ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ጅረቱ ላይ አረፋና ቅባት አየሁ። ጅረቱን በፈቃዱ የሚጠርገው ሚስተር ግሪንዉድ የሞቱ ትናንሽ ዓሦች በባልዲ አምጥቶ አሳይቶኛል። ነገሩን ለረድፉ ነዋሪ ሁሉ እየዞረ ሲነግር ለፌራሮች ብቻ አልነገረም። ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«አዲስ ሰዎች ናቸው፤ ወጥ ቤታቸውን ደግሞ ወደውታል። ምን ብዬ ልጀምር?»

«‹ፍሳሻችሁ ጅረቱን እየገደለው ነው› ብለህ ነዋ።»

«ኧረ ሞውድ፣ እንዲህማ አይባልም» አለኝ።

ሐሙስ ማርች 14 ቀን፣ ወደ ማታ፣ ሚስስ ፌራር ከሥራ ስትመለስ ሚስተር ግሪንዉድ መንገድ ላይ አስቆማት። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ያቺን የውጭ ቧንቧ ነካ ነካ ባደርጋት ቅር ይልሻል?»

«ኧረ በፍጹም፣ ሚስተር ግሪንዉድ! እርስዎ ይሻላል ያሉትን ያድርጉ።»

ሚስስ ፌራር ይህን አላልሁም ማለቷን ከኮንስታብሉ ሰምቻለሁ። ብላለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለ መቁረጥ ግን ከሁለቱም አንድ ቃል አልወጣም።

ቅዳሜ ማርች 16 ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ የበራፌን ደረጃ ስፈትግ፣ ሚስተር ግሪንዉድ መጋዝ ይዞ መጥቶ ቧንቧውን ከግድግዳው አጠገብ ቆረጠው። ከግድግዳው የወጣውንም ጫፍ በላስቲክ ውታፍ ወተፈው። ጥቂት ቆይቶ ከ9 ቁጥር ጩኸት ሰማሁ፤ ሚስተር ግሪንዉድ ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። ውሃው መውጫ አጥቶ ከገንዳው ሥር ያለውን መገጣጠሚያ አስለቅቆታል፤ አዲሱ የእንጨት ወለል ርሷል። ሚስተር ግሪንዉድ ስለ ጅረቱ ያኔ ተናገረ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩንም?» አለችው ሚስስ ፌራር።

«ላስቀይምሽ አልፈለግሁም።»

«አሁን ደስ አሰኙኝ?»

ባሏ ለፖሊስ ስልክ ደወለ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሚስተር ግሪንዉድ ቤቴ መጣ። ኮፍያውን አላወለቀም።

«ሞውድ፣ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን አላወቀም በይልኝ። የምታስከስሰኝም የምታድነኝም እሷ ነገር ናት።»

«ያላየሁትን አልናገርም።»

«ያየሽውንስ?» አለኝ።

በሩን ከፈትሁለት፤ ወጥቶ ሄደ። ለጥያቄው መልሴ የሚከተለው ነው። ቧንቧው ከተቆረጠ በኋላ፣ ከመወተፉ በፊት፣ ከጫፉ እንፋሎት ያለው ነጭ አረፋ ወጣ። ሚስተር ግሪንዉድ መዳፉን ከሥሩ ዘርግቶ ያዘ። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ውታፉን ከኪሱ አወጣ።

ኮንስታብሉ ቃሌን መልሶ ሲያነብልኝ «ሆን ብሎ ወተፈው» የሚል ስለሰማሁ «ሆን ብሎ» የሚለው እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል፤ በስርዙ አጠገብ ፈርሜያለሁ። ያየሁት እጁን ነው፤ ልቡን አላየሁም። «የመዳፉ ነገርስ ይሰረዝ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሰረዝም አልሁ። ሚስስ ፌራር ሐሙስ ዕለት የተናገረችውም አይሰረዝም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ አንሥቶ የሚያነብ ሰው የእኔን ቃል አላነበበም።

ቃሌ ከላይ የሰፈረው ነው። በሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሞውድ ብራምሊ
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ኮንስታብል ጃ. ሞስ