የአሰገደች ደንገጡር

(በንጉሡ ዘመን፣ ይፋት፤ የፊታውራሪ ወልደሰንበት ባለቤት ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ወሎ አገር ለምትዳረው ልጃቸው ለአሰገደች የጓዝ ሳጥን ሲሞሉ፣ የቤት አገልጋያቸው ደብሪቱ እግራቸው ሥር ተደፍታለች።)

ደብሪቱ፦ ስለ እመብርሃን ብለው እመቤቴ፣ ሌላ ይምረጡ! ዘነበችን ይተዉልኝ!

በለጥሻቸው፦ ተነሽ እንጂ! ልጅሽን ለአራጅ የሰጠኋት አስመሰልሽው እኮ። ከአሰገደች ጋር ሄዳ ደንገጡር ትሆናለች፤ ይኸው ነው።

ደብሪቱ፦ ደረቷ ደካማ ነው። የወሎ ብርድ ይገድልብኛል።

በለጥሻቸው፦ ትናንት ሲዘፈን ከበሮውን ስትመታ ልትቀደው ምንም አልቀራት። ደካማ ደረት እንዲያ ነው?

ደብሪቱ፦ ሥራም አታውቅ...

በለጥሻቸው፦ እኔ ያሳደግኋትን? ከልጄ ማዕድ ያበላኋትን፣ የልጄን ቀሚስ ያለበስኋትን?

ደብሪቱ፦ የጠበባትን።

በለጥሻቸው፦ ምን አልሽ?

ደብሪቱ፦ እግዜር ይስጥልኝ አልሁ።

በለጥሻቸው፦ እንዲያ በይ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል። እዚያ ደህና ትለብሳለች፤ ሲደርስም ባል ይፈለግላታል።

ደብሪቱ፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። እኔም እዚህ ቤት ስገባ እንዲሁ ተብሎልኝ ነበር።

በለጥሻቸው፦ ምላስሽ ረዘመ።

ደብሪቱ፦ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ናት፤ ስታመም ውሃ የምታቀብለኝ እሷው ናት። ጠዋት ያ ሁሉ ነዳይ ደጅዎ ጠግቦ ሲመርቅዎት ሰምቼ፣ ለዚያ ሁሉ የራራ ልብ በእኔ አይጨክንም ብዬ ነው የመጣሁ።

በለጥሻቸው፦ ነዳይ በልቶ ይሄዳል። አንቺ የቤቴ ነሽ።

ደብሪቱ፦ እሺ፣ ትሂድ። ለሌላ ሰው ትሂድ፤ ለእመቤት አሰገደች ግን አትሁን!

በለጥሻቸው፦ ልጄ ምን አደረገችሽ?

ደብሪቱ፦ እሷማ ምን ታደርገኛለች... ዘነበች አልጋዋን ስታነጥፍላት፣ ከእግሯ ሥር ስትተኛ... ነውር ነው። እግዜርም አይወደው።

በለጥሻቸው፦ ገረድ ለእመቤቷ ማንጠፏ ነው ነውሩ?

ደብሪቱ፦ አያናግሩኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በለጥሻቸው፦ ተናገሪ።

ደብሪቱ፦ አባቷ የሞተ ወታደር ነው ያልሁት ውሸቴን ነው። የፊታውራሪ ናት። ይግደሉኝ! የእመቤት አሰገደች እህት ናት!

በለጥሻቸው፦ ቀስ በይ፤ እንግዳ ቤት ሰው አለ። ያን የሐር ጥለት አቀብይኝ።

ደብሪቱ፦ አልሰሙኝም?

በለጥሻቸው፦ ያን አፍንጫ ከየትኛው ወታደር ልታመጣው ኖሯል?

ደብሪቱ፦ ያውቁ... ያውቁ ነበር?

በለጥሻቸው፦ አሰገደችን ወልጄ አራስ ሳለሁ፣ የፊታውራሪን እግር እንድታጥቢ ማታ ማታ የላከሽ ማን ሆነና? ከደጅ ሴት የቤቴ ትሻለኛለች ብዬ እኮ ነው።

ደብሪቱ፦ ያን ሌሊት ስጣራ... ያልሰሙኝ እንቅልፍ ወስዶዎት ነው ብዬ ነበር፣ እመቤቴ። እስከ ዛሬም እንዲያ ብዬ ነበር።

በለጥሻቸው፦ የሆነው ሆነ። አሁን ፊትሽን ታጠቢና ልጅቷን ጥሪልኝ። እህቷን ካላገለገለች ማንን ልታገለግል ነው?