ለመግነዝ የተገዛው አቡጀዲ

የላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ሞቅ ባለበት ሰዓት ወይዘሮ ይማርሽ ከጨርቅ ነጋዴው ፊት ቆመው አቡጀዲ በክንዳቸው ይለኩ ነበር። ነጋዴው በሜትር ልለካልዎ ቢላቸው አላመኑትም። ለምን እንደሚፈልጉት ነግረውት ስለነበር እሱም አልተከራከረም። አሥረኛው ክንድ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው አንድ ድምፅ ሰሙ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ይማርሽ?»

ዞር ቢሉ የጎረቤታቸው ልጅ እየሩስ ናት። ወልድያ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ በአንድ ሆቴል የእንግዳ ክፍሎችን እያሰናዳች የምታድር፣ አንደበቷ የታረመ ልጅ ናት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አሉና ጨርቁን ከነጠላቸው ሥር ሸጎጡት።

«አያ ባዘዘውስ እንዴት ሰነበቱ?»

«ያው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ አቡጀዲ ለምንድን ነው?»

ወይዘሮ ይማርሽ ውሸት አይሆንላቸውም። «ለመግነዙ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አቶ ባዘዘው ለአርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ጥላና መጋረጃ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በጥምቀት ቀን ከየደብሩ ከሚወጡት ባለዘርፍ ጥላዎች ብዙዎቹ በእጃቸው ያለፉ ናቸው። ባለፈው ሰኔ የጎጇቸውን ክዳን ሊጠግኑ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻውም የጤና ጣቢያው ሐኪምም አጥንቱ ገጥሟል፣ በምርኩዝ ይነሱ ብለው ነበር። እሳቸውም ቁጭ ማለት ጀምረው ሳለ ኅዳር ላይ በድንገት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ይኸው የካቲት ገባ፤ ከሁለት ጉርሻ በላይ አይቀምሱም፣ ቃልም እምብዛም አይወጣቸውም። ሚስታቸውም ከአደጋው ጀምሮ ለማይቀረው ቀን በጥቂት በጥቂቱ ሲሰናዱ ቆይተው፣ አሁን ነገሩ ጨርሶ ያበቃለት መሰላቸው። ክፋት አልነበረም። በእኛ አገር ባሏን ሳትሰናዳ የቀበረች ሴት እስክትሞት ትታማለችና።

ሁለቱ ሴቶች አብረው ወደ ቤት አቀኑ። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ወይዘሮ ይማርሽ ከአንድ ድንጋይ ላይ ዐረፍ አሉ።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልናገር?» አለች እየሩስ።

«ተናገሪ እንጂ፤ መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ያን ቤት ትንሽ ብናሳምረው ምን ይመስልዎታል? ጥቀርሻውን ብናራግፍ፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ብንቀባ፣ ያን በጆንያ የተደፈነ መስኮት ብንከፍት?»

ወይዘሮ ይማርሽ ዓይናቸውን አፈጠጡ። «የታመመ ሰው ተኝቶ ግድግዳ ይቀባል? አበድሽ እንዴ፣ ልጄ! እኛ ዘንድ ቤት የሚቀባው ለሠርግና ለተዝካር ነው። ነጩን አፈር ይዤ ስገባ ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይላል? ባሏ ሳይሞት ተዝካሩን ጀመረች አይልም?»

«ለተዝካራቸው ግን ይቀባሉ?»

«እንዴታ! ጥቁር ግድግዳ ለለቀስተኛ ላሳይ?»

«ለመሆኑ አያ ባዘዘው በተዝካራቸው ቀን ግድግዳውን ያዩታል?»

ወይዘሮ ይማርሽ ሌላ ነገር አነሡ። «መስኮቱስ ቢሆን? የላስታን ንፋስ ረሳሽው? ብርድ ይመታዋል።»

«ንፋሱን የሚከለክል መጋረጃ እንሰፋለን። ፀሐይ ስትወጣ ይገለጣል፣ ስትጠልቅ ይዘጋል። አያ ባዘዘው ጥላ ሲሰፉ የተረፈ የከፋይ ጨርቅ ቁርጥራጭ ሙሉ ከረጢት አልጋው ሥር የለም?»

«እሱንስ አትንኪብኝ!» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ፣ ከድንጋዩ ብድግ ብለው። «የቤተ ክርስቲያን ጨርቅ ነው። ጌጥ ለእግዚአብሔር ቤት ነው እንጂ ለገበሬ ጎጆ አልተፈቀደም። ይኼ የሆቴል ትምህርት ነው ያጠፋሽ።»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። የተማረ ሰው ሁሉ ክርክር ሲያሸንፍ ደስ እንደሚለው እሷንም ደስ ብሏት ነበር፤ አሁን ግን የሴትዮዋን ልብ እንደነካች ገባት። «ስለ ከፋዩ እኔም አላውቅም፤ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አለች በለዘበ ድምፅ። «ብቻ ቤት ስንደርስ አንድ ነገር እሺ ይበሉኝ። ራስዎን ከትራሳቸው አጠገብ ያስጠጉና እሳቸው የሚያዩትን ይዩ። ከዚያ በኋላ ተይ ካሉኝ እተዋለሁ።»

ቤት ሲደርሱ አቶ ባዘዘው እንደ ወትሯቸው ግድግዳውን ይዘው ተኝተዋል። ወይዘሮ ይማርሽ ከሰው ፊት አፍረው ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ከአልጋው ጫፍ ተንበርክከው ጭንቅላታቸውን ከባላቸው ትራስ ዳር አሳረፉ።

ከአፍንጫቸው ስንዝር በማይሞላ ርቀት ጥቁር ግድግዳ ነበር። ከክዳኑ የጥቀርሻ ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከላይ አንድ ባዶ ምስማር አለ፤ ድሮ የአቶ ባዘዘው መቀስ የሚሰቀልበት። መቀሱን በሳጥን የቆለፉት ራሳቸው ወይዘሮ ይማርሽ ናቸው፣ እንዳይሰረቅ ብለው። ቀይና ቢጫ ከፋይ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ሦስት ወር ሙሉ የሚያየው ይኼን ነበር። እዚያው እንደተንበረከኩ እንባቸው መጣ።

ተነሥተው በረንዳ ወጡና «ነጭ አፈር የት ነው የሚቆፈረው?» አሉ።

ሥራው አምስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያ በረጅም እንጨት ጫፍ ቅጠል አስረው ጥቀርሻውን አራገፉ። የተሰነጣጠቀውን በጭቃና በጭድ መረጉ፤ ሲደርቅ ነጩን አፈር በወንፊት ነፍተው በውኃ በጥብጠው ሁለት ጊዜ ቀቡት። ከታች፣ እግርና መጥረጊያ የሚነካውን፣ እድፍ እንዳያሳይ በቀይ አፈር አደረጉት። ጆንያው ከመስኮቱ ወረደ። በሁለት አሮጌ የዘይት ቆርቆሮዎች ሥር ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በስተው በአንዱ ጤና አዳም፣ በሌላው ከተራራው የነቀሉትን ጦስኝ ተከሉና መስኮቱ ላይ አኖሯቸው። አቶ ባዘዘው ይኼ ሁሉ ሲሆን አንድ ጊዜም አልተናገሩም። አልጋቸው ከግድግዳው ፈቀቅ ሲል እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

በአምስተኛው ቀን እየሩስ «ጥቀርሻው ተመልሶ በምግብና በአልጋው ላይ እንዳይረግፍ ኮርኒስ ያስፈልጋል፤ ሰፊ ጨርቅ አለ?» አለች።

ሰፊ ጨርቅ አንድ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ይማርሽ ሳጥኑን ከፍተው አቡጀዲውን አወጡት። ጨርቁን ከአልጋው በላይ ወጥረው ሲያስሩ አቶ ባዘዘው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቀኑን ቆረጣችሁልኝ?» አሉ።

ወይዘሮ ይማርሽ ከቆሙበት በርጩማ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። «የምን ቀን?»

«ነጭ አፈር፣ አቡጀዲ፤ የተዝካሬን ነዋ። ገብሱን ኅዳር ላይ ለይተሽ ስታስቀምጪ ሰምቻለሁ። ለጎረቤት ‘ይቺ ለእሱ ቀን ናት’ ስትዪ። አንቺ ይኼን ካልሽ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የተኛሁት።»

ሰውየውን አልጋ ላይ ያዋለው የዳሌው አጥንት እንዳልነበር፣ ያ ደግ አሳቢ የሚስት ዝግጅት እንደነበር ወይዘሮ ይማርሽ ያን ጊዜ ገባቸው። ከበርጩማው ወርደው የባላቸውን እጅ ያዙ።

«በድዬሃለሁ፣ ባዘዘው። ገብሱ ነገ ይፈጫል፣ ትበላዋለህ። ግድግዳው ላንተ ነው፤ በሕይወት ላለኸው። አቡጀዲው ግን አልዋሽህም፣ ለመግነዝህ ነበር የገዛሁት።»

አቶ ባዘዘው ከላያቸው የተወጠረውን ጨርቅ ቀና ብለው አዩ። «ስንት ክንድ ነው?»

«አሥር።»

«ለእኔ ይበዛ ነበር» አሉ። በከንፈራቸው ጫፍ ፈገግታ መሳይ ነገር አለፈ። ከዚያ በመስኮቱ የገባውን ብርሃን ተከትለው ጤና አዳሙን፣ ነጩን ግድግዳና ቀይ ግርጌውን አዩ። «መስኮቱ ለምን ራቁቱን ቀረ?»

«ከፋዩን ፈርተን ነው» አለች እየሩስ። «የቤተ ክርስቲያን ነው ብለውኝ።»

«ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው የተሰፋው ጥላ ነው። ቁርጥራጩን የደብራችን መርጌታ ገብረ ሊባኖስ ያኔውኑ ‘የድካምህ ነው፣ ልጆችህን አልብስበት’ ብለውኛል። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ስለዚህ ተቀመጠ። አምጪው።» ከረጢቱ ተዘረገፈ። አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ ከፋይ አልጋው ላይ ተበተነ። እየሩስ ሁለት ቁራጭ አጋጥማ መስፋት ብትጀምር ሽማግሌው ጥቂት ተመለከቷትና ትዕግሥታቸው አለቀ። «ይኼ ስፌት ነው? ይማርሽ፣ ደግፊኝና ልቀመጥ። መቀሴንም ከሳጥኑ አውጪ።»

መቀሱ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ምስማሩ ተመልሷል። ያ ቤት ዛሬ ብርሃን ይገባዋል። ጥቀርሻ ከወጡ ውስጥ አይረግፍም፣ የወይዘሮ ይማርሽ የማታ ሳልም ቀንሷል። ሊያሙ የመጡ ጎረቤቶች ነጩ አፈር በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ ጠይቀው ይሄዳሉ። ለዚህ ሁሉ ከተራራው ሳይቆፈር፣ ከአልጋ ሥርም ሳይገኝ በገንዘብ የተገዛ ነገር ቢኖር አቡጀዲው ብቻ ነው። ሰው ቤቱን ለሬሳው ከማሳመሩ በፊት ለነፍሱ ቢያሳምረው ምን ያህል ሐዘን በቀረልን ነበር!

አቡጀዲው በተገዛ በሁለተኛው ቅዳሜ ወይዘሮ ይማርሽ ከጨርቅ ነጋዴው ፊት ደረሱ። ነጋዴው ገና ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ» አላቸው።

«ይስጥልኝ፤ ግን ቢጫ ክር ነው የምፈልገው» አሉት። «ባዘዘው ነው የላከኝ።»