የአንጎል ተራ አስከባሪ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት፣ አጠገባቸው ያለችው ወጣት የያዘችውን ወረቀት አየት አየት ሲያደርጉ ቆይተው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይሄ ሥዕል አንጎል ነው አይደል?»

«አዎ እማማ። የመመረቂያ ጽሑፌ ነው።»

«የኔዋ ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት። ምንድነው እንዲህ የሚያደርጋት?»

«የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ ያወራሉ። አንዱ ‹ቀጥል› ይላል፣ ሌላው ‹በቃ› ይላል። ‹በቃ› ባዩ ሲደክም ሁሉም ባንዴ ይጮኻሉ።»

«ተራ አስከባሪ እንደጠፋበት የታክሲ ሰልፍ በይኛ!»

«ልክ እንደሱ! አንጎል ራሱ የሚያመርታቸው የእድገት ንጥረ ነገሮች አሉ። ‹በቃ› የሚባልበትን መገናኛ አንዳንዴ ያጠነክሩታል፣ አንዳንዴ ያላሉታል። እኔ የማጠናው እነሱን ነው።»

«ታዲያ መድኃኒት ወጣላችሁ?»

«ከዚህ ጥናትስ ገና ነው፤ አሁን የምናየው በአይጥ ላይ ነው። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ግን እንዳታቋርጥ።»

«ስትወድቅ ክብሪት ጭሬ አፍንጫዋ ሥር አደርግላታለሁ። እሱስ ‹በቃ› አይልላትም?»

«አይልም እማማ። በጎኗ ያስተኟት፣ እስኪያልፍላትም አጠገቧ ይሁኑ።»



«ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያን ሁሉ ጭስ በከንቱ ነዋ ያጠንኳት?»

«ጭሱስ በከንቱ ነው። ግን አንድም ቀን ብቻዋን አልወደቀችም።»

«ሥላሴ ጋ ወራጅ አለ!» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየሳቡ።

እኔም ለወንድሜ ብዬ ሁልጊዜ የምይዘውን ክብሪት ኪሴ ውስጥ እንደጨበጥኩ የምወርድበትን አለፍኩት።