ቡቺም ላንቴ ይሄዳል

ጦርነቱ በተነሳ በመጀመሪያው የመስቀል ሰሞን ነው። ከታችኛው የከተማችን ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አዲስ የውሻ ገመድ ይዘዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ወሬ ጀመረ።

«በዓሉን የት ነው የሚውሉት፣ እናቴ?»

«እዚሁ ቅርብ ገጠር፣ ላንቴ፣ እህቴ ጋ። ሌላ ጊዜ አዲስ አበባ ነበር የምንሄደው። ዘንድሮ ግን ማን ይርቃል? ሬዲዮኑን ትሰማ የለ!»

«ገመዱስ?»

«የቡቺ ነው። እሱም ይሄዳል።»

«ውሻ ይዘው ነው በዓል የሚሄዱት?»

«እህቴ እኮ ‹እናንተ ብትቀሩ እንኳ ቡቺን ላኩልኝ› ብላለች። ሙዟን ዝንጀሮ ጨረሰባት።»

«ማን ይጭነዋል ታዲያ?»

«የሙዝ መኪና አለ። ሊጭን ባዶውን ሲሄድ ከኋላ እንወጣለን፤ ሾፌሩ ጎረቤታችን ነው።»

«ቤቱንስ ማን ይጠብቃል? ሰው ውሻውን ትቶ የሚሄደው ለዚያ አይደል?»

«ቤቱ ምን አለው ብለህ ነው! ቡቺ የልጄ ነው። ግንባር ሲሄድ አደራ ብሎኝ ነው የሄደው።»

«በሰላም ይመልሰው። ድንገት መጥቶ ቤቱን ዝግ ቢያገኘውስ?»

«በደብዳቤ ነግሬዋለሁ። ገበያ ብሆን ቡቺ ከግቢ ይጮሃል። ‹አንኳኩተህ ድምፁን ካጣህ ላንቴ ነን፤ እሱን ይዤ ሌላ የትም አልሄድም› ብዬዋለሁ።»

«ወራጅ አለ!» አለ ጎልማሳው። «መልካም በዓል፣ እናቴ። ለቡቺም!»

ሴቻ ወርጄ በእግሬ ስሄድ፣ የማላውቀው ወታደር አንድ ዝም ያለ በር አንኳኩቶ፣ ትንሽ አዳምጦ፣ ሻንጣውን ሳያወርድ ወደ ላንቴ ሲዞር በሐሳቤ ታየኝ።