ሣሩ ላይ ያለችው ቦቲ

እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሃቲ? የጓሮ በርዎ ይጮሃል ሲሉ ሰምቼ ዘይት ይዤ መጣሁ። የፓይ መጋገሪያ ቤትዎ ዛሬ ደመቀብኝ... ከባንኮኒው በላይ የሰቀሉት ፎቶ ነው መሰለኝ። ስጦታ ነው አሉ? ጥሩ ነው። ፎቶው በተነሣበት ቀን ወደ ሜዳው ወጥቼ ፈረሷን የተቀበልኩት የበረት ሠራተኛ እኔ ነበርኩ። ዕድሜ ነውና አንዳንዱን አሳስት ይሆናል። ስሟ ዶርካስ ነበር ልበል? ደመና ነበር ወይስ ፀሐይ? ብሳሳት ይቅር ይበሉኝ።

ስም አልጠራም። አንድ ጋላቢ ነበሩ፤ ሰው ወዳድ። ሲወድቁ እንኳ ሜዳ መሃል አይወድቁም፤ ሁልጊዜ ሴቶቹ ከተቀመጡበት አጥር ፊት ነው። ትሕትናቸው ደግሞ! በኒውማርኬት የፈረስ እሽቅድድም ያን ያህል ዘመን ሲጋልቡ ማንንም ቀድመው አያውቁም። ለሌላው መንገድ የሚለቅ ሰው ዛሬ ስንት አለ?

ለክብደታቸውም ይጠነቀቁ ነበር። ላብ እንዲወጣቸው ብለው ከበረታችን ጀርባ ፋንድያ ክምር ውስጥ እስከ አንገታቸው ይቀበራሉ። ባርኔጣቸውን ግን አያወልቁም። ወይዘሮ ስታልፍ ሰላምታ አይቀርማ... እጃቸው ተቀብሯል፣ በቅንድባቸው እጅ ይነሳሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል? የዝንቡን ነገር ተዉት።

ያን ቀን ታዲያ ዶርካስ ቀደመች። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? እሷማ አድርሳ ነበር። ሕጋችንን መቼም የሰፈሩ ድመት ሁሉ ያውቀዋል፤ ያሸነፈ ጋላቢ ክብደቱ ከሚለካበት ሚዛን ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ከኮርቻው አይወርድም። እግሩ ቀድሞ መሬት ከነካ ድሉ ተሰረዘ። ይህን የማያውቅ ጋላቢ አለ? የለም። ማወቅና መቻል ግን... ብቻ አንድ ፎቶ አንሺ መንገድ ዳር ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ ወርደው ከፈረሷ ጎን ቢቆሙ ያምርብዎታል» አላቸው።

«ኧረ አይውረዱ፣ ሚዛኑ እዚያ ነው» አልኩ።

«አንተ ዝም በል። ልጓሙን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ጆሮዋ ይታይ» አሉኝ።

ወረዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ... እሳቸው እንቁላሉን ቀደሙት።

ፎቶው ግን ግሩም ወጣ። እስቲ መነጽርዎን ያድርጉ። ያቺ የምታብለጨልጨው ቦቲያቸው ሣሩ ላይ አይደለችም? ከኋላ የገዛ ባርኔጣቸውን የሚረግጡት ሰውዬ የፈረሷ ባለቤት ናቸው። በደስታ ነው ብለው ነገሩዎት? ይሁና። የሽንፈቱን ማስረጃ በመስታወት አስገጥሞ ለሚወዳት ሴት የሚያበረክት ልበ ንጹሕ ከወዴት ይገኛል? እኔ ድሃው ይዤ የምመጣው ዘይት ብቻ ነው...

ከዚያ ወዲያ ፈረስ ያዋሳቸው የለም። ለፈረሶቹ አዝነው ነው የተዉት ይባላል፤ ፈረሶቹም ሳያዝኑላቸው አልቀሩም።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ሐሙስ ዕለት ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ነው። «ሃቲ እሑድ መልስ ትሰጠኛለች፤ እሺ ማለቷ አይቀርም፣ አሸንፌአለሁ» ሲሉ ነበር አሉ። አሸንፌአለሁ... ይህን ቃል ይወዱታል። የሙሽራ ልብሳቸው ስለጠበባቸውም ወደ ፋንድያው ተመልሰዋል። ለእርስዎ ብለው እኮ ነው፣ አይፍረዱባቸው። ከሐሙስ ወዲህ የሰማሁት የለም።

እኔ ምን አገባኝ? በሩ ይኸው ዝም አለ። እኔም ዝም ልበል።

ብቻ እሑድ እሺ ካሉ፣ ፈጣሪ ትዳራችሁን ይባርክ። እሳቸውንም በሰላም ቤተ ክርስቲያን ያድርስልዎ፤ ፎቶ አንሺውንም መንገድ ዳር ሳይሆን ከመሠዊያው ወዲያ ያቁምልዎ።