የአርባው ሹራብ መጥፋት

ደብረ ብርሃን፣ ብርዳም ጠዋት፤ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አዲሱ ዳይሬክተር ሸዋቀናና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት የዕቃ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ትርንጎ ባዶ ካርቶን መሃል አድርገው ይጨቃጨቃሉ።

ሸዋቀና፦ እትዬ ትርንጎ፣ መቼም አርባ ሹራብ ክንፍ አውጥቶ በመስኮት አልበረረም! የት ገባ?

ትርንጎ፦ ባለቤቶቹ ወሰዱታ።

ሸዋቀና፦ የምን ባለቤት? የለገሱን አቶ ምናሴ አሁን ካሜራ አስከትለው ከች ሊሉ ነው! ልጆቹ በየስማቸው ተጠርተው፣ ባንዲራው ሥር ለብሰው፣ እጅ ነስተው...

ትርንጎ፦ ባንተ ቤት እየሞሸርካቸው ነው።

ሸዋቀና፦ አይቀልዱብኝ! ሰውዬው ከተቀየሙ ለከርሞ ሹራብ ቀርቶ ሳሙና አይልኩም።

ትርንጎ፦ አምና ጫማ ሲታደል ብርዛፍ የምትባለዋን ተማሪ በማይክ ጠሯት። ሳምንት ሳይሞላ ስሟ ቀርቶ «እርዳታ» ተባለች። እርዳታ፣ ጠመኔ አቀብይን! እርዳታ፣ ኳሱን አምጪ! ጫማውን እዚህ ደጃፌ ላይ ወርውራው ሄደች። ዛሬ የት ናት?

ሸዋቀና፦ መዝገቡ ላይ አይቻለሁ፤ አልተመለሰችም።

ትርንጎ፦ አርባ ብርዛፍ ልትሠራልኝ ነዋ!

ሸዋቀና፦ እሺ፣ ሹራቡን ምን አደረጉት? ሸጡት እንዳልል...

ትርንጎ፦ አፍህን ያዝ! ያንን ቁም ሣጥን አታየውም?

ሸዋቀና፦ የጠፋ ዕቃ የሚቀመጥበትን?

ትርንጎ፦ እሱን። ሹራቡን አንዴ አጥብና አዲስነቱን አጠፋለታለሁ። አንገቱ ላይ የልጁን ስም እሰፋበትና እዚያ አስቀምጠዋለሁ። በእረፍት ሰዓት ብቅ እልና «አንተ ዝርክርክ! ሹራብህን እየጣልክ የምትሄደው እኔ ገረድህ ነኝ?» ብዬ እጮህበታለሁ። ይደነግጣል፣ ስሙን ያያል፣ ይለብሳል። ጓደኞቹ በዝርክርክነቱ ይሳቁበት፤ በድህነቱ ግን አይስቁም።

ሸዋቀና፦ የኔ አይደለም ቢልስ?

ትርንጎ፦ «ስምህ ተሰፍቶበት!» ብዬ ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ።

ሸዋቀና፦ ይሄ ልጅ ማታለል ነው! እኔም እዚሁ ነው የተማርኩት። ከሁሉም የባስኩ ደሃ ነበርኩ፤ ግን ማንም አልሰጠኝ፣ ማንም አላታለለኝ።

ትርንጎ፦ አዬ!

ሸዋቀና፦ ምን «አዬ» ይላሉ? አራተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ከየትም ብላ ሰማያዊ ሹራብ ገዝታልኛለች። ስሜንም በቀይ ክር ሰፍታበታለች። እንዲያውም ጥዬው ያገኙልኝ እርስዎ ነዎት፤ ያን ዕለት የሰደቡኝ ስድብ! ብቻ... መቼ እንደጣልኩት ዛሬም ድረስ ትዝ አይለኝም።

ትርንጎ፦ ነፍሷን ይማረውና፣ እናትህ ፊደል ትለይ ነበር?

ሸዋቀና፦ ...ፈርሚ ስትባል አውራ ጣቷን ነበር የምታኖረው።

ትርንጎ፦ ሹራቡን ጣልክ ብዬ እንዴት እንደሰደብኩህ ስነግራት በሳቅ ልትሞት! ኋላ ግን አለቀሰች። «አደራ፣ እንዳትነግሪው» አለችኝ። አደራዋን ዛሬ በላሁ፤ ይቅር ትበለኝ።

ሸዋቀና፦ ለሚስቴ፣ ለልጆቼ፣ ባለፈው እንኳ ለወላጆች ስብሰባ... ያቺን ሹራብ ያላወራሁበት ቦታ የለም እኮ!

ትርንጎ፦ እሰይ! እንኳን ኮራህባት። በል፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል፤ እንግዳህ በር ላይ ናቸው። የአርባውንም ስም በቃሌ አውቀዋለሁ። ልጥራልህና በማይክ ታውጃቸዋለህ?

ሸዋቀና፦ ...ሰውዬው ስማቸውን አጽፈው የላኩት ያ ባነር የት ነው?

ትርንጎ፦ አንተው ራስህ ባንዲራው አጠገብ አሰቅለኸው!

ሸዋቀና፦ ይጥፋ። ማይኩም ይጥፋ። ልጆቹ ክፍላቸው ይቀመጡ። አቶ ምናሴ ከጠየቁዎት፣ ዳይሬክተሩ ከልጅነቱም ዝርክርክ ነበር ይበሏቸው።