ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም

አሰላ፤ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፤ ዘንድሮ ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር ደምሴና ባለቤታቸው እልፍነሽ መንገድ ዳር ባለችው የቤታቸው ክፍል ውስጥ፤ ጠረጴዛው ላይ ልጃቸው የላከችው አዲስ ላፕቶፕ፣ ጥግ ላይ አሮጌው ኮምፒዩተር፣ መስኮቱ ሥር በጨርቅ የተከደነ የስፌት መኪና።

እልፍነሽ፦ እስቲ ድገመው። አሁን ያነበብከውን ድገምልኝ።

ደምሴ፦ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ፕሮግራሙ ነው። «የቤተሰብ ገቢ፣ በአስገቢው ሲከፋፈል፦ ደምሴ መቶ ከመቶ፣ እልፍነሽ ዜሮ።» ይኸው፣ ክብ ሠርቶ ሰማያዊ ቀብቶ አስቀምጦታል።

እልፍነሽ፦ ዜሮ?

ደምሴ፦ ዜሮ።

እልፍነሽ፦ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አሉ! ትናንት ከካርቶን ወጥቶ ዛሬ የኔን ጓዳ ለኔ ይነግረኛል?

ደምሴ፦ ምን ያስቆጣሻል? ቁጥር አያዳላም። ይቺን ክፍል ለሞባይል ጠጋኙ ለከማል እናከራይ ስልሽ «የለም፣ ስፌት ልክፈትባት» አልሽ። ስፌት ለዚህ ቤት ምን አስገብቶ ያውቃል፣ እስቲ በማስረጃ እንይ አልኩ። አየን። ሰውዬው አሁን ይመጣል፣ እንፈራረማለን፣ አለቀ።

እልፍነሽ፦ ማንና ማን ነው የሚፈራረመው?

ደምሴ፦ እኔ፣ አንቺ፣ ከማል።

እልፍነሽ፦ አንተና ከማል በል። ዜሮ አይፈርምም።

ደምሴ፦ ቃል ሰጥቼዋለሁ እልፌ።

እልፍነሽ፦ በሰው ክፍል?

ደምሴ፦ ደግሞ የሰው ክፍል ሆነች!

እልፍነሽ፦ ይልቅ ይኼን ንገረኝ። በአሮጌው ላይ ስሜ ነበረ። አጠገብህ ቆሜ፣ «እልፌ፣ የዩኒፎርም ስፌት» እያልክ ስትመታ በዓይኔ አይቼሃለሁ። የት ሄደ?

ደምሴ፦ አሮጌውማ ሊሞት ነው። ሲበራ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ አንድ ገጽ እስኪከፍት ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ሐመልማል በስልክ «አባዬ፣ የቤቱን ሂሳብ ወደ አዲሱ አሻግረው፣ አንድ ቀን ድርግም ሲል ሁሉም ይጠፋብሃል» አለችኝ። አሻገርኩት።

እልፍነሽ፦ እኔ ለምን አልተሻገርኩም?

ደምሴ፦ እሱ... ትንሽ ችግር ነበረበት።

እልፍነሽ፦ የምን ችግር?

ደምሴ፦ የድሮውን ፕሮግራም የፊዚክሱ መምህር፣ ዋቅጅራ ነፍሱን ይማረውና፣ በኛ አቆጣጠር እንዲሠራ አድርጎ ነበር ያዘጋጀልኝ። አዲሱ በፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ደግሞ ወሩ አሥራ ሁለት ነው። ፋይሉን ሳስገባው፣ «አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም፣ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም» እያለ ገጹን በቀይ ሞላብኝ።

እልፍነሽ፦ ጳጉሜን ነው አላውቅም ያለው?

ደምሴ፦ ጳጉሜን።

እልፍነሽ፦ አንተስ ምን አልከው?

ደምሴ፦ እሱ ነው የጠየቀኝ። «ላቁም ወይስ ልለፈው?» አለ።

እልፍነሽ፦ እና?

ደምሴ፦ እለፈው አልኩት።

እልፍነሽ፦ እለፈው!

ደምሴ፦ ጳጉሜ እኮ ናት! ለሷ ብዬ ያን ሁሉ ዓመት ገደል ልክተተው? ደግሞ ማለፉን ያለፈው ኮምፒዩተሩ ነው።

እልፍነሽ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ኮምፒዩተሩማ የሰው አገር ልጅ ነው፣ ባያውቅ አይፈረድበትም። አንተ አሰላ ተወልደህ፣ አሰላ አስተምረህ፣ ጳጉሜን ታልፋለህ? ለመሆኑ ጳጉሜ ደሞዝ አላት?

ደምሴ፦ የትኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው በጳጉሜ ደሞዝ የሚበላው?

እልፍነሽ፦ አንተስ በጳጉሜ ምን ትበላ ነበር?

ደምሴ፦ የምን ጥያቄ ነው ይኼ?

እልፍነሽ፦ መምህር፣ ጥያቄው አልገባህም? የነሐሴው ደሞዝ በደብተርና በዱቤ ያልቃል። የመስከረሙ ገና ወር ይቀረዋል። መሀል ላይ ጳጉሜ አለች፣ ከኋላዋ እንቁጣጣሽ አለ። ዶሮው ከየት ይመጣ ነበር?

ደምሴ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ተይ እልፌ።

እልፍነሽ፦ ይውጣ! ቤቴ ውስጥ ተጠቅልሎ ከሚኖር ይውጣ። አሥራ ሁለቱን ወር «የመምህር ሚስት ለሰው ሰፋች እንዳይሉኝ» እያልክ መኪናዬን ጨርቅ አልብሰህ አስቀመጥክ። ጳጉሜ ስትገባ ግን ኪስህም ባዶ፣ አፍህም ዝም። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ የሰፈሩ እናት ሁሉ ጨርቋን ይዛ በጓሮ በር ትሰለፋለች፤ አንተ ካፖርትህን ደርበህ እዚህ ቁጭ ብለህ ጋዜጣ ታነባለህ። አንድ ቀን ገጹን ስትገልጥ አልሰማሁህም።

ደምሴ፦ አነብ ነበር!

እልፍነሽ፦ ገልብጠህ ይዘኸው?

ደምሴ፦ ኧረ በፈጠረሽ!

እልፍነሽ፦ ስለዚህ የኔ ገቢ ያለው ጳጉሜ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ወር ላይ እንዳይኖረኝ ያደረግከው አንተ። ጳጉሜን ያለፍካት አንተ። ከዚያ «ዜሮ ነሽ፣ ክፍሉን ልቀቂ»። እንዲህ ያለ ፍርድ የትኛው ሸንጎ ነው የሚፈርደው?

ደምሴ፦ በክፋት ያደረግኩት አስመሰልሽው። እሺ፣ ላስተካክለው። እሱን ሁሉ አምጥቼ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልለጥፈው።

እልፍነሽ፦ ነሐሴ መጨረሻማ ያንተ ደሞዝ የሚገባበት ነው። እዚያ ከተለጠፈ በኋላ ማን የኔ ነው ይላል?

ደምሴ፦ መስከረም አንድ ላይ ይሁን።

እልፍነሽ፦ መስከረም አንድ በግ አለ። እኔ ዓይኔን አጥፍቼ የሰፋሁትን በጉ ይበላዋል።

ደምሴ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ፈረንጅን ሄጄ ወር ጨምር ልበለው? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚሉት እውነታቸውን ነው፣ አንቺ ማጨቃጨቅ እንጂ መጨረስ አታውቂም።

እልፍነሽ፦ አለቀ እኮ! ይኸው በወንድ ሲያልቅ ዜሮ ሆኖ ወጣ።

ደምሴ፦ እልፌ፣ አንቺን ለይቶ የነካሽ አስመሰልሽው። የኔንም ዘልሎ ነበር! ጥቅምት ሁለተኛ ወር አይደለች? የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ቀን የላትም። ወር መጨረሻ ላይ የገባውን የጥቅምት ደሞዜን ሁሉ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መልሶብኛል። እኔ ግን ጮህኩ? አልጮህኩም።

እልፍነሽ፦ ውይ የኔ ጌታ! የጥቅምት ደሞዝህ ጠፋ?

ደምሴ፦ እንዴት ይጠፋል! የየዓመቱን አንድ በአንድ ከአሮጌው እያየሁ፣ ወደ ሃያ ስምንት እያመጣሁ በእጄ አስገባሁት። ወገቤ እስኪቆረጥ። ትናንት ምሳ ቀረብኝ ያልኩሽ ለዚህ አይደል?

እልፍነሽ፦ በእጅህ? አንድ በአንድ?

ደምሴ፦ አዎ፣ ምነው?

እልፍነሽ፦ እየሰማሁህ ነው።

ደምሴ፦ ምን አልኩ?

እልፍነሽ፦ ያንተ ሲቀር ወገብህ እስኪቆረጥ፤ የኔ ሲቀር እለፈው።

ደምሴ፦ እንደዚያ ማለቴ አይደለም።

እልፍነሽ፦ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እኔ አልጎተትኩህም፣ ራስህ ቀደድከው።

ደምሴ፦ ደሞዝ እኮ ዋና ነገር ስለሆነ ነው... ማለቴ፣ ትልቅ ስለሆነ...

እልፍነሽ፦ ቀጥል፣ ቀጥል። ጨርቁ ገና አላለቀም።

ደምሴ፦ ተይ በቃ! ልንገርሽ? እውነቱን ልንገርሽ? ሰኔ ላይ የክፍል ቁልፍ አስረከብኩ። ጠዋት እነሳለሁ፣ ጫማዬን እቦርሻለሁ፣ ከዚያ የምሄድበት የለኝም። ተማሪዎቼ መንገድ ላይ «ቲቸር» እያሉ ሰላም ይሉኛል፣ እኔ የምን ቲቸር ነኝ? ትናንት ያ ክብ ወጣና መቶ ከመቶ አለኝ። ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ። ይኼን ቤት እኔ ነኝ ያቆምኩት ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

እልፍነሽ፦ ደምሴ።

ደምሴ፦ አቤት።

እልፍነሽ፦ ልፋትህን የካድኩበት ቀን አለ?

ደምሴ፦ የለም።

እልፍነሽ፦ ዝናብ ሲመታህ፣ ጉሮሮህ በጠመኔ ሲዘጋ፣ ጤና አዳም አፍልቼ ማን ነበር የሚያጠጣህ? ሲከፋህ ይገባኛል፣ እኔም ከፍቶኛል ቤት ስትውል። ግን አንተን ደስ እንዲልህ ብዬ ዜሮ አልሆንም። እምቢ። ሞቼ እገኛለሁ።

ደምሴ፦ ዜሮ ሁኚ ያለሽ የለም አሁን። ተሳስቻለሁ፣ እሺ?

እልፍነሽ፦ እሺ ብሎ ነገር የለም። ለኮምፒዩተር ብለህ የቆጡን አወርድ ስትል የብብትህን ጥለሃል። አሁን ምን ታደርጋለህ?

ደምሴ፦ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አሮጌውን አንጥለውም። ዳንቴልሽን አልብሰን እዚያው ጥግ ላይ እናቆየዋለን። አዲሱ አሥራ ሁለቱን ወር ይያዝ። ጳጉሜ ስትመጣ አሮጌውን አበራልሻለሁ፣ የሰፋሽውን ሁሉ ስምሽን አድምቄ እጽፋለሁ። ስፌቱንም እንደ ድሮው በጓሮ በኩል፣ በጳጉሜ። ክፍሏን ደግሞ ለከማል። ሁላችንም ደስ ይለናል።

እልፍነሽ፦ አልሸሹም ዞር አሉ!

ደምሴ፦ ምን ጎደለው?

እልፍነሽ፦ እንደ ድሮው ነዋ! አሮጌ ኮምፒዩተር፣ አሮጌ ጓሮ፣ አሮጌ ጳጉሜ። አንተ አዲሱን ይዘህ ልትሻገር፣ እኔን ከወፍጮው ጋር ጥግ ልታስቀምጠኝ።

ደምሴ፦ ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ጳጉሜን መልስ አልሽ፣ መለስኩልሽ።

እልፍነሽ፦ ጳጉሜን ያዛት። ላንተ መርቄልሃለሁ።

ደምሴ፦ እንዴ! ይኼን ሁሉ ስትጮሂ የነበረው?

እልፍነሽ፦ አሁን ነው የገባኝ። ያ ፕሮግራም አሥራ ሁለት ወር ያውቃል አይደል?

ደምሴ፦ ያውቃል።

እልፍነሽ፦ ጥቅምትን ያውቃል? ጥርን ያውቃል? ሚያዝያን?

ደምሴ፦ በቁጥር ከሆነ፣ አዎ፣ ሁሉንም ያውቃል።

እልፍነሽ፦ እንግዲያው በሚያውቃቸው ላይ ይጻፈኝ። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ፣ በፊት በር፣ መስኮቱን ከፍቼ እሰፋለሁ። ያኔ «አላውቃትም» ብሎ የሚያልፈኝን አያለሁ።

ደምሴ፦ መንገድ ዳር? ሰው ምን ይላል እልፌ? የመምህር ደምሴ ሚስት መስኮት ላይ ተሰጥታ የሰው ሱሪ ታጥፋለች ይላል እኮ!

እልፍነሽ፦ ይበላ! ሱሪውን ይዞ መጥቶ ይበል። ወረፋውን ግን ይጠብቃል።

ደምሴ፦ ጡረታዬ አይበቃንም ልትይ ነው?

እልፍነሽ፦ ቢበቃንም እሰፋለሁ። እጄ ስለሚያውቅ እሰፋለሁ፤ ላንተ ዶሮ ብቻ አይደለም የተማርኩት።

ደምሴ፦ እኔስ? እኔ ምን እየሠራሁ ልውል ነው?

እልፍነሽ፦ ልኬት ትጽፋለህ። ቁጥር አያዳላም አላልክም? ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። ትርፍና ኪሳራውንም በዚያው በላፕቶፕህ ትይዛለህ፤ ሐመልማል የላከችው ስዕል ልታይበት አይደለም።

ደምሴ፦ እኔ ደምሴ፣ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ!

እልፍነሽ፦ ክራባት ከሚያንቅህ ይሻላል። ደግሞ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ «ቲቸር» ይልሃል። ብቻህን ከክብ ጋር ከመሳቅ...

ደምሴ፦ ቆይ፣ ቆይ። በሩ ተንኳኳ። ከማል ነው፣ ወረቀቱን ይዞ መጣ! አንቺ ሴትዮ፣ መኪናውን ለምን ትገልጪዋለሽ? ወዴት ነው የምትጎትቺው? መሀል ክፍሉ ላይ አታቁሚው፣ ሰው ሊገባ ነው እኮ!

እልፍነሽ፦ በዚያ በኩል ያዝልኝ።

ደምሴ፦ እልፌ፣ ቃል ሰጥቼዋለሁ! እውጭ ቆሟል! ምን ብዬ ልመልሰው?

እልፍነሽ፦ ሱሪ ሊያሰፋ ከሆነ ይግባ፤ ክፍል ሊከራይ ከሆነ ባለቤቷ ሥራ ጀምራለች በለው።